የተሻሻለ የስፖርት መኪና ሞተር ገደቡ ስንት ዙር ይሁን? በጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጅማ ጋራዦች የአንድ ስፖርት መኪና ሞተር ተፈትቶ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ሲቀየር፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲሠራና ፕሮግራም የሚደረግ ኮምፒውተር ሲገጠምለት ወዲያው የሚከተል ጥያቄ አለ፤ ገደቡን በደቂቃ ስንት ዙር ላይ እናድርገው? ብዙ ጊዜ መልሱ የሚወሰደው ተመሳሳይ ሞተር ካለው ሰው ወይም ከአንድ ቪዲዮ ላይ ነው። ይህ ልማድ ደህና ሞተር ያስጨርሳል። ቁጥሩ መውጣት ያለበት እዚያው ሞተር ውስጥ ከገቡት ዕቃዎች ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለው ጥሩ የቤንዚን ሞተር በቀላሉ የሚተካ አይደለም። መልሶቹ በየቀኑ መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና የተዘጋጁ ናቸው። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ሞተሩ የሚፈታለት መኪና ሌላ ስሌት አለው።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መስመርና የዙር ገደቡ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ቀይ መስመሩ ለአሽከርካሪው የተሰመረ ማስጠንቀቂያ ነው። ገደቡ ደግሞ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ወይም የካንዴላውን እሳት ቆርጦ ሞተሩ ከዚያ በላይ እንዳይሽከረከር የሚያደርግበት ቁጥር ነው። ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ገደቡን ከቀዩ መስመር ጥቂት ከፍ አድርገው ያስቀምጡታል።

ከፋብሪካው ገደብ በላይ 500 ዙር ብጨምር ምን ይሆናል? ልዩነቱ ትንሽ ነው።

በቁጥር ትንሽ ነው፤ በኃይል ግን ትንሽ አይደለም። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ቆም ይልና ተመልሶ ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት ወደ ላይ መሄዱን ሊቀጥል የሚፈልገውን ፒስተን ጎትቶ የሚመልሰው ቢየላው (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ፣ ጋር የሚያገናኘው ብረት) ነው። የቢየላውን የታችኛውን ጫፍ ከክራንክሻፍቱ ጋር አጥብቀው የያዙት ደግሞ ሁለት ብሎኖች ናቸው። ወንጭፍ ያወዛወዘ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል፤ ድንጋዩን ትንሽ ፈጠን አድርገው ሲያዞሩት ገመዱ ከፍጥነቱ ጭማሪ እጅግ በልጦ ይጎትታል። ጉተታው የሚያድገው በዙሩ ካሬ ልክ ስለሆነ ከ7,000 ወደ 8,000 ዙር ሲወጣ ፍጥነቱ በ14 በመቶ፣ ጉተታው ግን በ31 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

የቶዮታን 4ኤ-ጂኢ ሞተር እንውሰድ። የፒስተኑ የጉዞ ርዝመት፣ ማለትም ስትሮኩ፣ 77 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቢየላው 122 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ፣ ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው ስፒና፣ ፋሻዎቹና የቢየላው የላይኛው ክፍል አንድ ላይ ግማሽ ኪሎ ይመዝናሉ ብንል በ7,500 ዙር እያንዳንዱን ቢየላ የሚጎትተው ኃይል ወደ 1.6 ቶን ይደርሳል። በ8,000 ዙር ወደ 1.8 ቶን፣ በ8,500 ዙር ደግሞ ከ2 ቶን በላይ ይሆናል። ይህ አንድ ጊዜ ተሸክመውት የሚያበቃ ሸክም አይደለም፤ በየሰከንዱ ከመቶ ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ብሎን የሚበጠሰው አንድ ቀን ከባድ ነገር ደርሶበት ብቻ አይደለም። ሳይታይ ሲደክም ቆይቶ፣ በሰላም ቀንም ሊበጠስ ይችላል።

ታዲያ ስሌቱን ከየት ልጀምር?

ከፒስተኑ አማካይ ፍጥነት ይጀምሩ። ስትሮኩን በሜትር ይያዙ፤ በሁለት፣ ከዚያም በዙሩ ያባዙትና ለ60 ያካፍሉት። የሚያገኙት በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሆነ ነው። 4ኤ-ጂኢ በ7,500 ዙር 19.3 ሜትር፣ በ8,000 ዙር 20.5፣ በ9,000 ዙር 23.1 ሜትር በሰከንድ ይሰጥዎታል።

ለመንገድ መኪና በልምድ የሚሠራበት መለኪያ ይህን ይመስላል። እስከ 20 ሜትር በሰከንድ ደህና ሁኔታ ላይ ያለ የፋብሪካ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ከ20 እስከ 23 ባለው ውስጥ ፋብሪካው ራሱ ለስፖርት ያዘጋጀው ወይም በጥሩ ዕቃ እንደገና የተገነባ ሞተር ያስፈልጋል። እስከ 25 ለመድረስ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን፣ ጠንካራ ቢየላና በማይክሮሜትር የተለካ ሥራ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ያለው አጭር ዕድሜን አውቆ የሚቀበል ሰው መንደር ነው።

ሆንዳ ኤስ2000 ላይ የተገጠመው ባለ2 ሊትር ኤፍ20ሲ ስትሮኩ 84 ሚሊ ሜትር፣ ቀይ መስመሩ 9,000 ነበር፤ ይህ 25.2 ሜትር በሰከንድ ነው። ሆንዳ ስትሮኩን ወደ 90.7 አሳድጎ ባለ2.2 ሊትሩን ሲያወጣ ቀይ መስመሩን ወደ 8,000 ዝቅ አደረገው፤ 24.2 ሜትር በሰከንድ መሆኑ ነው። ስትሮክ ሲጨምር ዙር እንደሚቀነስ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም። በ2009 እ.ኤ.አ. በ18,000 ዙር የተገደቡት የፎርሙላ ዋን ሞተሮች እንኳ ስትሮካቸው 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለነበር የፒስተናቸው አማካይ ፍጥነት ከዚሁ ከ24 ሜትር ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሰናከላል። ከተማችን ውስጥ በብዛት የምናየው ባለ1.5 ሊትሩ የቶዮታ ቪትዝ ሞተር፣ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ፣ ስትሮኩ 84.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከኤስ2000 ጋር ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ይህ ማለት ቪትዙ 9,000 ዙር ይችላል ማለት ነው? በፍጹም። ፒስተኑ፣ ቢየላው፣ የቫልቭ ሞላው፣ የአየር መግቢያው ሁሉ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። የፒስተን ፍጥነት «ከዚህ በላይ አታስብ» ይላል እንጂ «እስከዚህ ሂድ» አይልም።

ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል። በዙር ማካካስ እችላለሁ?

ከሁሉም በላይ አጥብቄ መመለስ የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ አይችሉም።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱም ወደ አምስተኛው የሚጠጋ ይጎድላል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የግቤ ሸለቆ ውስጥ ሲወርድ ሞተሩ ነፍስ የዘራ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ አየሩ እዚያ ይወፍራል።

ጉልበቱ የሚቀንሰው ግን በሁሉም ዙር ላይ በተቀራራቢ መጠን ነው። ሞተሩ በባሕር ዳርቻዋ ሞምባሳ ላይ ከፍተኛ ጉልበቱን በ7,200 ዙር የሚሰጥ ከሆነ ጅማ ላይም እዚያው አካባቢ ነው የሚሰጠው፤ መጠኑ ብቻ ያንሳል። ስለዚህ ከ7,200 ብዙ አልፎ መሄድ ጅማ ላይ የተለየ ጥቅም አያመጣም።

ጉዳቱ ግን ሙሉ ነው። ቢየላውን የሚጎትተው ኃይል ከፒስተኑ ክብደትና ከዙሩ የሚመጣ እንጂ ከአየሩ አይደለም፤ ከፍታ አይቀንሰውም። ለቢየላ ብሎን ከባዱ ቅጽበት ደግሞ የተቃጠለው ጋዝ ወጥቶ አዲሱ አየር መግባት ሲጀምር፣ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። በዚያ ጊዜ ከላይ ፒስተኑን ገፍቶ የሚያግዝ የፍንዳታ ግፊት የለም፤ ሸክሙ ሁሉ የብሎኑ ነው። «ሞተሩ እዚህ ደካማ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባለው አነጋገር ከዚህ አንጻር ስሕተት ነው። ጉልበቱ በአምስተኛ ቀንሶም ብሎኑ የሚሸከመው ያው ነው።

ቱርቦ ላለው መኪና ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በባሕር ጠለል ላይ 0.7 ባር የሚገፋ ቱርቦ አየሩን ወደ 1.7 እጥፍ ያምቃል። ያንኑ የአየር መጠን ጅማ ላይ ለመስጠት ግን ከ2 እጥፍ በላይ ማመቅ አለበት። ለዚህም ቱርቦው ራሱ ይበልጥ ይፈጥናል፣ የሚወጣው አየርም ይሞቃል። የሞተሩ ዙር ሲጨምር የሚፈለገው አየር ስለሚበዛ ትንሽ ቱርቦ ላይኛው ዙር ላይ ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። እንዲህ ባለ መኪና ገደቡን የሚወስነው ቢየላው ሳይሆን ቱርቦው ሊሆን ይችላል።

የነዳጅ ካርታውንም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ስንት ነዳጅ እንደሚሰጥ የሚወስነውን ፕሮግራም፣ ይመልከቱ። ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ፣ የአየር ግፊትን ለውጥ የማያገናዝብ ፕሮግራም እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ላይኛው ዙር ላይ ሞተሩ ይታፈናል። ያንን ሳያስተካክሉ ስለ ገደብ መወሰን በታመመ ሞተር ላይ መፍረድ ነው።

መኪናዬ ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ። ከ4ኤ-ጂኢ ጋር ስፋቱም ስትሮኩም አንድ ስለሆነ 7,500 ማድረግ እችላለሁ?

የሲሊንደሩ ስፋት 81፣ ስትሮኩ 77 ሚሊ ሜትር መሆኑ እውነት ነው፤ ሁለቱም 1,587 ሲሲ ናቸው። ቴስታታቸው ግን የተለያየ ነው። የኤፍኢው የአየር መንገድና ካምሻፍት ለነዳጅ ቁጠባና ለታችኛው ዙር ጉልበት የተሠሩ ናቸው። ጉልበቱ 6,000 ከመድረሱ በፊት ወይም እዚያው አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በላይ የሚሰሙት ድምፅ እንጂ ፍጥነት አይደለም። የፋብሪካውን ገደብ ይተዉት፤ ገንዘብዎን በጥሩ ጎማና ፍሬን ላይ ያውሉት።

በጂኢዎቹ መካከልም ልዩነት አለ። የመጀመሪያዎቹ የቢየላቸው የክራንክ ማረፊያ 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን በኋላ የወጡት 42 ሚሊ ሜትርና የወፈረ ስፒና አላቸው። ሞተሩን ሲገዙ ስሙን ብቻ ሳይሆን የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ቫልቮቹ ከዙር ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ቫልቩን የሚከፍተው ካምሻፍቱ ነው፤ የሚዘጋው ግን ሞላው ነው። ዙሩ ሲበዛ ሞላው ቫልቩን በጊዜ መመለስ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ቫልቩ ካሙን መከተል ትቶ ይንሳፈፋል፣ መቀመጫው ላይ ሲያርፍም ይነጥራል። መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ላይኛው ዙር ላይ ጉልበቱ በድንገት መሰባበሩ ነው፤ ካንዴላ የሳተ ይመስላል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ የዘገየው ቫልቭ ከሚወጣው ፒስተን ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ገደብ ማውራት አያስፈልግም።

ካምሻፍት የቀየረ ሰው ሞላውንም አብሮ መቀየር ይገባዋል። ከፍ አድርጎ የሚከፍት ካም በአሮጌ ሞላ ላይ ሲገጠም ሁለት ነገር ይፈጠራል። ሞላው ቫልቩን ለመመለስ ይደክማል፤ ወይም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጥምጥሞቹ እርስ በርስ ተነካክተው መንገድ ያልቃል። ቶርኖ ቤቱ ሁለቱንም እንዲለካ ይጠይቁ፤ ሞላው ቫልቩ ሲዘጋ ስንት ኪሎ እንደሚገፋ፣ ሲከፈት ደግሞ በጥምጥሞቹ መካከል ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚቀር። ከመጠን በላይ የጠነከረ ሞላም ካሙን ይበላዋል፤ ስለዚህ ከካሙ አምራች የተመከረው ይግባ። በሃይድሮሊክ ታፔት (የቫልቩን ክፍተት በዘይት ግፊት በሚሞላ ዕቃ) የሚሠሩ ሞተሮች ላይ ዙሩ ሲበዛ ታፔቱ ዘይት ሞልቶ ቫልቩን ሳይዘጋ ሊይዘው ይችላል። በኒሳን ኤስአር20ዲኢቲ ላይ የታወቀው ችግር ደግሞ ገደቡ ላይ ሲንጣጣ ሮከሩ (የካሙን ግፊት ወደ ቫልቩ የሚያስተላልፈው ክንድ) ከቦታው መውጣቱ ነው።

ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ሳይኖር የሞተሬ ጉልበት የት እንደሚያልቅ እንዴት ላውቅ?

ኮምፒውተሩ ዙርና ጊዜ የሚመዘግብ ከሆነ ይቻላል። በአንድ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ረግጠው፣ ሞተሩ እያንዳንዱን 500 ዙር ለመጨመር ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ይመልከቱ። 500ን በሰከንዱ ያካፍሉና በመካከሉ ባለው ዙር ያባዙ። ለምሳሌ ከ6,500 እስከ 7,000 ላለው በ6,750 ያባዛሉ። የሚያገኙት የፈረስ ጉልበት ባይሆንም ቅርጹን ያሳያል፤ ቁጥሩ ትልቅ የሚሆንበት ቦታ የጉልበቱ ጫፍ ነው። ማካፈሉን ብቻ አይተው እንዳያቆሙ፤ መኪናው የሚጎትተው ስሜት ከጉልበቱ ጫፍ በፊት መቀነስ ይጀምራልና ያሳስታል።

ይህን ሙከራ በሕዝብ መንገድ ላይ አያድርጉት። የአጋሮ መንገድ ባጃጅ፣ ከብት፣ ተማሪና ቡና የጫነ መኪና የሚተላለፍበት ነው። ሁለተኛ ማርሽ እንኳ በ8,000 ዙር በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ፈቃድ ያለው ዝግ ቦታ ካልተገኘ አይሞክሩት፤ የፋብሪካውን ገደብ ይዘው መቆየት ማንንም አይጎዳም።

ገደቡ ከጉልበቱ ጫፍ በላይ መሆን ያለበት ለምንድን ነው?

ማርሽ ሲቀይሩ ዙሩ ስለሚወርድ ነው። ሦስተኛው 1.39፣ አራተኛው 1.03 በሆነ ካምቢዮ ላይ በ7,200 ቢቀይሩ ሞተሩ ወደ 5,330 ይወርዳል። በ7,700 ቢቀይሩ 5,700 ላይ ያርፋል፤ ወደ ጉልበቱ ይቀርባል። ስለዚህ ከጫፉ 500 ያህል ማለፍ ጥቅም አለው። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ መቶ ዙር የሚከፍሉት ዋጋ ብቻ ነው።

ጠንካራ የቢየላ ብሎን አስገብቻለሁ። ይበቃል?

ብሎን መቀየር ከሁሉም ርካሽ የሆነው ጥሩ መከላከያ ነው። ነገር ግን አዲሱ ብሎን አጠባበቁ ከአሮጌው ስለሚለይ የቢየላውን የታችኛ ቀዳዳ ክብነት ይለውጣል። ቢየላዎቹ አዲሱ ብሎን ተጠብቆባቸው ቶርኖ ቤት መለካትና ካስፈለገም እንደገና ክብ መሆን አለባቸው። ያለዚያ ብሎኑን አድነው ብሮንዚናውን (በቢየላውና በክራንኩ መካከል ያለውን ማንሸራተቻ) ያቃጥላሉ። ያገለገለውን ብሎን መልሶ መጠቀም ደግሞ ዙር ለሚበዛበት ሞተር አይታሰብም።

ፒስተንና ቢየላ ሲገዙ ክብደታቸውን ይጠይቁ። ጠንካራ ሆኖ ከባድ የሆነ ፒስተን ለቱርቦ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለዙር ግን ብሎኑን ይጎትታል።

ዘይቱስ?

ብዙ ሞተር የሚሞተው ብሎን ተበጥሶ ሳይሆን ብሮንዚና ዘይት አጥቶ ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 0.7 ባር ገደማ ግፊት ይኑር የሚለው የቆየ መመሪያ አሁንም ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ7,500 ዙር ወደ 5 ባር ማለት ነው። መለኪያው በዳሽቦርዱ ላይ በሚበራ መብራት ብቻ አይተካም። መብራቱ የሚበራው ጉዳቱ ከተጀመረ በኋላ ነውና ትክክለኛ የግፊት መለኪያ ያስገጥሙ።

ፓምፑም ገደብ አለው። በቶዮታ 2ዜድዜድ-ጂኢ ሞተር ላይ፣ ማርሽ ተሳስቶ ዙሩ ከልክ ሲያልፍ የዘይት ፓምፑ ማርሾች መሰበራቸው የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው ገደብ ከማሳደጉ በፊት ፓምፑን በጠነከረ ማርሽ ይተካ። በግቤ ጠመዝማዛ ላይ በፍጥነት የሚነዳ ደግሞ ዘይቱ ወደ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር እንዳይስብ በዘይት ቋቱ ውስጥ ከፋፋይ ሳህን ያስፈልገዋል።

የጅማ ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል። የውኃው ሙቀት ከዘይቱ ቀድሞ ስለሚደርስ መለኪያው መሃል ገባ ብለው ወዲያው አይርገጡ። ዘይቱ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ግማሹን ዙር አይለፉ።

ቀላል ቮላኖ (ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰር ክብ ብረት) እና የአሉሚኒየም ፑሊ ገጥሜያለሁ። ይህ ገደቡን ይነካዋል?

በሁለት መንገድ ይነካዋል። ሞተሩ ፈጥኖ ስለሚወጣ ገደቡን አልፎ የመሄድ ዕድሉ ይጨምራል። ሁለተኛውና ከባዱ ደግሞ የፋብሪካው ፑሊ በብዙ ሞተሮች ላይ ጎማ ያለው የንዝረት ማብረጃ መሆኑ ነው። ክራንክሻፍት እየተሽከረከረ ይጠማዘዛል፤ ማብረጃው ያንን ይውጣል። በአሉሚኒየም ተክተው ዙር ከጨመሩ ንዝረቱ ክራንኩንና የዘይት ፓምፑን ያገኛቸዋል። ጎማው የተሰነጠቀ አሮጌ ፑሊም ከዚህ አይሻልም።

ስለ ቮላኖው ደግሞ ያለ ማለሳለስ ልናገር። የተሰነጠቀ ወይም በቶርኖ ከልክ በላይ የተላጠ የብረት ቮላኖ በከፍተኛ ዙር ሊፈነዳ ይችላል። ቁርጥራጩ የሚያመራው ወደ አሽከርካሪውና ወደ ተሳፋሪው እግር ነው። ከፋብሪካው በላይ ዙር የሚጨምር ሰው ለዚያ ዙር ተሠርቶ የተመሰከረለት ቮላኖና ፍሪሲዮን ይግዛ። በዚህ ላይ መቆጠብ የለም።

ገደቡ ነዳጅ ይቁረጥ ወይስ እሳት?

ቱርቦ ለሌለው የመንገድ መኪና ነዳጅ መቁረጥ የተሻለ ነው፤ ለስለስ ይላል፣ ማርሚታውንም አያሞቅም። እሳት ሲቆረጥ ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታ ውስጥ ይቃጠላል፤ ካታላይዘሩን ያቀልጣል። በቱርቦ ላይ ነዳጅ ከአንዳንድ ሲሊንደሮች ብቻ በግማሽ የሚቀንስ ገደብ ቅልቅሉን ያቀጥናል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ እንዲቆርጥ ወይም በእሳት እንዲሠራ ይደረጋል። ኮምፒውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ ሁለት ደረጃ ያድርጉት፤ መጀመሪያ ጉልበቱን ቀስ ብሎ የሚቀንሰው ለስላሳው፣ ከ150 እስከ 200 ዙር በኋላ ሙሉ በሙሉ የሚቆርጠው ጠንካራው።

መኪና አቁሞ ገደቡ ላይ ማንጣጣት ከተማው ውስጥ እየተለመደ ነው። ድምፁ ደስ የሚለው ሰው ይኖራል። በዚያ ጊዜ ሞተሩ ያለ ምንም ጭነት ይወረወራል፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይወረወራል፤ ብሎኑም የዘይት ፓምፑም ሮከሩም አንድ ላይ ይመታሉ። ገደብ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠ ነው። በፕሮግራሙ ላይ መኪናው ቆሞ ሲሆን ገደቡ 4,000 እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ ቢያደርጉት እመክራለሁ።

ገደብ ካለኝ ማርሽ ብሳሳትም ይጠብቀኛል?

አይጠብቅም። ኮምፒውተሩ ነዳጅ መቁረጥ ይችላል፤ ጎማው ሞተሩን ሲያዞረው ግን የሚያደርገው የለም። ከላይ ባልነው ካምቢዮ፣ በአራተኛ 7,000 ላይ ሆኖ አምስተኛ ለማስገባት የፈለገ ሰው እጁ ስቶ ሦስተኛ ቢያስገባ ሞተሩ ከ9,400 በላይ ይዞራል። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ነገሩ ያልቃል። ወደ ግቤ ሲወርዱ በሞተር ለመያዝ ማርሽ የሚቀንሱ ሁሉ አንድ በአንድ ይቀንሱ። የላላ የካምቢዮ ማረፊያ ጎማም ማርሽን ያሳስታል፤ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ይቀየር።

ያገለገለ ሞተር ገዛሁ፤ ታሪኩን አላውቅም።

ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ የፋብሪካውን ገደብ ይያዙ፣ ከዚያ ላይም 300 ዙር ይቀንሱለት።

የዙር መቁጠሪያዬን ልመነው?

የአሮጌ መኪና መቁጠሪያ ይዘገያል፣ በላይኛውም ዙር ይሳሳታል። ገደቡን የሚያስቀምጡት ኮምፒውተሩ በሚያነበው ቁጥር ነው፤ ሁለቱን በስካነር አስተያይተው ልዩነቱን ይወቁ።

በአንድ ምሳሌ አሳዩኝ፤ በመጨረሻ ቁጥሩ እንዴት ይወጣል?

42 ሚሊ ሜትር ማረፊያ ያለው 4ኤ-ጂኢ፣ እንደገና የተሠራ፣ የፋብሪካ ቢየላ ከአዲስ ጠንካራ ብሎን ጋር፣ መካከለኛ ካምሻፍትና ለእሱ የተመከረ ሞላ አለው እንበል። የካሙ አምራች ሞላውን እስከ 8,300 ይፈቅደዋል። የፒስተኑ ፍጥነት ለዚህ ቢየላ 20.5 ሜትር በሰከንድ ይበቃዋል ብለን 8,000 ላይ እናቆማለን። በሙከራ የጉልበቱ ጫፍ 7,300 ላይ ተገኘ፤ 500 ስንጨምር 7,800። ከሦስቱ ዝቅተኛው 7,800 ነው። ጠንካራው ገደብ እዚያ ይሁን፤ ለስላሳው 7,600፣ ማርሽ ቀይር የሚለው መብራት 7,300 ላይ። ሞተሩ ገደቡን መቶና ሁለት መቶ ዙር አልፎ ቢወረወር እንኳ ከ8,000 አይወጣም። ዝቅተኛው ቁጥር ከቫልቭ ሞላው የመጣ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ላይ ሌላ 300 እቀንስ ነበር፤ ሞላ እያረጀ ይደክማልና።

ከገደቡ በላይ ከተሽከረከረ ምን ልፈትሽ?

መኪናውን ያቁሙ፤ «ደህና ይመስላል» ብለው አዲስ አበባ ድረስ አይንዱት። ኮምፒውተሩ ከፍተኛውን ዙር መዝግቦ እንደሆነ ያንብቡ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ያስለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ካነሰ ቫልቭ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። የቫልቭ ክፍተቶቹንም ይለኩ፤ በድንገት የተለወጠ ክፍተት ያንኑ ይናገራል። ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ያውርዱ፣ ፊልትሮውን ቆርጠው ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ይዘርጉት። የመዳብ ወይም የብር ቀለም ያለው ብልጭታ ካዩ ብሮንዚናው ተጎድቷል። ይህ ሁሉ ንጹሕ ቢሆንም ዙሩ ከገደቡ ከ1,000 በላይ ካለፈ የዘይት ቋቱ ወርዶ የቢየላ ብሎኖቹ ርዝመት ይለካ፤ ከመነሻ ርዝመቱ የረዘመ ብሎን ይጣላል፣ አንዱ ከረዘመም ስምንቱም ይቀየራሉ።